የማን ነው ይሄ አረም?

መስከረም ሲጠባ ደብረ ኤልያስን በመሰለ የጎጃም ከተማ ዞር ዞር በሉማ። አደይ አበባውን አይታችሁ ሳትጠግቡ፣ በባህር ዛፍ አጠና የታጠረ ግን ቤት ያልተሠራበት ቦታ ፊታችሁ ይደቀናል። ውስጡ ሣማ፣ እምቧይና አጤ ፋሪስ ሰው አክለው ቆመዋል። በአጥሩ ላይ ፌስታልና አሮጌ ጫማ ይወረወራል። ባለቤቱስ? «አዲስ አበባ ነው» ትባላላችሁ፤ ወይም «ውጭ ሀገር»። አይጥና ጅብ ግን ባለቤት አይጠይቁም።

ይህ አረም ታሪክ አለው።

በንጉሡ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭሱ፣ መጥፎ ሽታውና ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም። እሰይ የሚያሰኝ ሕግ ነው! ችግሩ ሌላ ነበር፤ ሰፋፊው የከተማ ቦታ በጥቂት መኳንንትና ባለሥልጣናት እጅ ሆኖ፣ የትኛው ተከራይ ነው «ጌታዬ፣ አረምዎ አስቸገረኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆመው?

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዋጁ በመግቢያው ከዘረዘራቸው ክሶች አንዱ፣ ቦታ በጥቂቶች እጅ ተከማችቶ ሰው ሠራሽ እጥረት መፈጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ አይሰጥም ተባለ። ከአዋጁ ጋር ቀበሌ መጣ። የጽዳት ዘመቻ ሲጠራ መጥረጊያና ማጭድ ይዞ መውጣት ነው፤ «የማን ቦታ ነው?» ብሎ ነገር የለም። አረሙ ታጨደ። ግን ያው ቀበሌ በቀይ ሽብር ጊዜ ሰውንም ሲያሳጭድ ነበር። ስለዚህ ያን ዱላ ማንም አይናፍቅም።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሊዝ መጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ በውሉ ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ቦታውን ይነጠቃል ይላል። ልብ በሉ፦ ጥያቄው «መቼ ትሠራለህ?» ነው። «እስክትሠራ ማን ያጭዳል?» አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ በጎዳና፣ በመናፈሻና በመሳሰሉት የሕዝብ ቦታዎች ቆሻሻ መጣልን ከለከለ። ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ግን የሕዝብ ነው የግል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ በአጥሩ ቀዳዳ የሚሾልከው።

እንግዲህ ሦስት መንግሥታት «ቦታው የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ደም እስከማፋሰስ ደርሰዋል። አጠገቡ የምትኖረዋ እናት ግን ልጇ እባብ ይነድፈው ይሆን እያለች ነው የምትከርመው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች ነገሩን በቀላሉ ጨርሰውታል። ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይላክለታል፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ከተማው ራሱ ያጭድና ሒሳቡን በንብረቱ ላይ ያስመዘግባል። ነገሩ ከመንጠቅና ከማሰር ሳይሆን ከማስከፈል ይጀምራል። ይህን ለማድረግ አብዮት አያስፈልግም። የባለይዞታው አድራሻ ያለበት መዝገብ፣ ማጭድና ደረሰኝ ይበቃል።

እስከዚያው? ማጭዱን የሚያነሳው ያው ጎረቤት ነው። የሚያጭደው ደግሞ የሰው አረም ነው።