ሥርዝ ድልዝ

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ መታየት የጀመረውን «ፓወር ሬንጀርስ» የተሰኘ የልጆች ተከታታይ ፊልም ዲዝኒ በ2010 አድሶ አቀረበው፤ ያውም ከመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ክፍሎች 32ቱን ብቻ። በፍልሚያው መካከል እንደ ሥዕላዊ መጽሔት ብልጭታዎች ተለጠፉበት። በልጅነታቸው የወደዱት፣ ዛሬ የጎለመሱ ብዙ አድናቂዎች ዋናው ተበላሸ ብለው አዘኑ።

ይሁንና «ዋናው» ራሱ ቅጥል ነበር። አብዛኛው ፍልሚያ በ1992 ከተጀመረው የጃፓን «ዙሬንጀር» ተቆርጦ፣ አሜሪካውያን ተዋንያን ተጨመሩበት። በጃፓኑ ቢጫ ለባሹ ወንድ ነበር፤ በአሜሪካው ትሪኒ የተባለች ልጃገረድ ሆነ። ስለዚህም ለውጊያ ሲለብሱ ሮዝ ለባሿ አጭር ቀሚስ አላት፤ ቢጫ ለባሿ የላትም። አድናቂዎቹ ይህን ስፌት ያውቁታል፤ ይወዱታልም።

ሥርዝ ድልዝ ያለበትን ቼክ እየመለስኩ የምውለው እኔ፣ በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ የተሟገቱት ለንጽሕና ሳይሆን አብረውት ላደጉት ድልዝ ነውና። በዚያው ዓመት ሃይም ሳባን ተከታታዩን ከዲዝኒ መልሶ ገዛ።