ቤቱን ለባለቤቱ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አስተማሪ በምን እንደሚከበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የቤልጅጉን ካህን የአባ ቪንሰንት ሌብን ታሪክ ልንገራችሁ።

አባ ቪንሰንት ቻይና የገቡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ነው። የሠሩበት ጠቅላይ ግዛት ያን ጊዜ ዢሊ ይባል ነበር፤ በ1928 ሄቤይ ተባለ። ሚሲዮኖቹ በፈረንሳይ መንግሥት ጥበቃ ሥር ስለ ነበሩ፥ ሕዝቡ መስቀሉን ከባንዲራው ለይቶ ማየት ይቸግረው ነበር። እርሳቸው ግን የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ ቋንቋውንም ከነጽሕፈቱ ተማሩ። በቲያንጂን ከተማ ክርስቲያን ያልሆነውም ገብቶ ንግግር የሚሰማበትን አዳራሽ ከፈቱ፤ በ1915ም ዪ ሺ ባኦ የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ ከምእመናኑ ጋራ አቋቋሙ። ከጸሎት መጽሐፍ ይልቅ ጋዜጣ ማስቀደማቸው የሚያስገርመው ይኖራል፤ እኔን አያስገርመኝም። ምእመን የአገሩን ጉዳይ ካላወቀ ጎረቤቱ እንደ ባዕድ ያየዋልና።

በ1916 የፈረንሳይ ቆንስላ ካቴድራሉ ያለበትን የላኦሺካይን ሰፈር በፈረንሳይ ይዞታ ላይ ሊጨምር ተነሣ። በኦክቶበር ወር የቻይና ፖሊሶች ተይዘው ተወሰዱ፤ ሕዝቡም ተቈጥቶ ሥራ አቆመ። አባ ቪንሰንት ድርጊቱን ስለ ተቃወሙ አለቆቻቸው ከከተማዪቱ አነሷቸው፤ ኋላም ወደ ዠጂያንግ ላኳቸው። ታዝዘው ሄዱ። መታዘዛቸው መልካም ነው፤ እኔ ይበልጥ የማደንቀው ግን አፋቸውን አለመዝጋታቸውን ነው። በ1917 ለጳጳሳቸው ረዥም ደብዳቤ ጽፈው፥ የቻይና ቤተ ክርስቲያን በቻይናውያን ጳጳሳት ልትመራ እንደሚገባት አስረዱ።

በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ስድስት ቻይናውያንን ሮማ ላይ ጵጵስና ሾሙ። ከስድስቱ አንዱ ሱን ደዠን በሄቤይ የአንጉዎ አገር ኀላፊ ነበሩ። አባ ቪንሰንትም በማግስቱ ዓመት ከአውሮፓ ተመልሰው ከእኒሁ ጳጳስ በታች ለማገልገል ገቡ። በዚያ ዘመን አውሮፓዊ ካህን ለቻይናዊ ጳጳስ ሲታዘዝ ማየት እንግዳ ነገር ነበረ። የቻይና ዜግነትም ወሰዱ።

በአንጉዎ ያቋቋሙት የወንድሞች ማኅበር በእጁ ሠርቶ የሚበላ፥ ድህነትን የመረጠ ነበር። በ1937 ከጃፓን ጋራ ጦርነት ሲነሣ ወንድሞቹ ቃሬዛ ተሸክመው ቊስለኞችን ከጦር ሜዳ አወጡ፤ አባ ቪንሰንትም አብረዋቸው ነበሩ። ጁን 24 ቀን 1940 ቾንግቺንግ ላይ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።