የተጣሉ ካርዶች ክምር እንደ ሁለተኛ እጅ፦ በስብስብ ካርድ ጨዋታ የጥቅል አሠራር ላይ

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ያሳተመው የገበጣ ጥናት ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግቧል። በአንዳንዶቹ የተበላው ጠጠር ከዙሩ ቢወጣም ለሚቀጥለው ዙር የተጫዋቹ መነሻ ሀብት ይሆናል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረውና በ1993 የወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ግን ቀጣዩን ዙር አይጠብቅም፤ የተጣለው ካርድ እዚያው ጨዋታ ላይ ሊመለስ ይችላል።

የተጣለን ካርድ የማንሣት ስልት ጉልበት የሚመነጨው ከዋጋ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የተጻፈው የማና (የጨዋታው መክፈያ ኃይል) ዋጋ የሚከፈለው ካርዱ ከእጅ ሲወጣ ነው። ከክምር በሌላ ካርድ ኃይል ለተነሣ ፍጡር ያ ዋጋ አይጠየቅም። ግሪዝልብራንድ 8 ማና የሚፈጅ ፍጡር ነው። ተጫዋቹ ኢንቱም በተባለው ካርድ 1 ማና ከፍሎ ከጥቅሉ ወደ ክምር ይጥለዋል፤ ሪአኒሜት በተባለው ካርድ ሌላ 1 ማና ከፍሎ ያነሣዋል። ከ20 የሕይወት ነጥቡ 8 ይቀነስበታል። ከቀሪው 12 ደግሞ 7 ከፍሎ 7 ካርድ ይስባል። በ5 ነጥብ መቅረቱ ያስፈራል፤ ግን ግሪዝልብራንድ አጥቅቶ ጉዳት ካደረሰ 7 ነጥብ ይመልስለታል።

ጥቅሉን ሲሠሩ ብዙዎች የሚጀምሩት ከግዙፉ ፍጡር ነው። እኔ ከስሌቱ እጀምራለሁ። በ60 ካርድ ጥቅል ውስጥ የአንድ ካርድ 4 ቅጂ ቢኖር፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ 8 ካርዶች ከሆኑ ወደ 65 በመቶ ይጠጋል። (60 ቁራጭ ወረቀት ቆርጦ የሚሞክር ሰውም ያንኑ ውጤት ያገኛል፤ ለስሌቱ ውድ ካርድ አያስፈልግም።) ስለዚህ የሚጥሉትንና የሚያነሡትን ካርዶች ማብዛት፣ ግዙፎቹን ማሳነስ ይበጃል፤ እጅ ላይ የቀረ ባለ 8 ማና ፍጡር ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈት ነውና።

በ2005 ራቭኒካ የተባለው ስብስብ ይዞት የመጣው ድሬጅ የተባለ የካርድ ችሎታ ጉዳዩን አከረረው። ጎልጋሪ ግሬቭ ትሮል ክምር ውስጥ ካለ፣ ተጫዋቹ ካርድ በመሳብ ፈንታ ከጥቅሉ አናት 6 ካርድ ጥሎ ትሮሉን ወደ እጁ ይመልሳል። ካርዱ በሞደርን ውድድር ከ2011 ጀምሮ ታገደ፣ በ2015 ተፈቀደ፣ በ2017 እንደገና ታገደ። በእኔ ግምት ችግሩ ከአንድ ካርድ ይሰፋል፤ መጣል ኪሳራ መሆኑ ሲቀር የማና ዋጋ የሚጠብቀው በር ይከፈታል። ፖክሞን ላይም በ2014 የወጣው ናይት ማርች የተባለ ጥቃት ይህንኑ አሳይቷል፦ 30 የሕይወት ነጥብ ብቻ ያለው ጆልቲክ ይህ ጥቃት ያላቸው 11 ባልደረቦቹ ከተጣሉ በአንዱ 20፣ በድምሩ 220 ጉዳት ያደርሳል።

የስልቱ ድክመትም ከዚያው ከክምሩ ይመጣል፤ ተቃዋሚው የሚመታውን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል። ሌይላይን ኦፍ ዘ ቮይድ የተባለው የማጂክ ካርድ በመነሻ እጅ ከተገኘ ያለ ክፍያ ይዘረጋል፣ ወደ ተቃዋሚው ክምር ሊሄድ የነበረውንም ካርድ ከጨዋታ ያስወጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በ15ቱ ተጠባባቂ ካርዶች መካከል ሾው ኤንድ ቴልን የሚያስገቡት። በ3 ማና ግሪዝልብራንድን በቀጥታ ከእጅ ወደ ሜዳ ያወርዳል፤ ያኔ ሌይላይኑ የሚከለክለው ነገር አይኖርም።