ጎጃም በረንዳ፦ «ዳር» ተብሎ የተሠራው የእንግዳ ሰፈር

ከደብረ ኤልያስ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ባላገር «የት ታርፋለህ?» ቢሉት ቦሌ ወይም ፒያሳ አይልም። ዘመድ ካለው የዘመዱን ሰፈር ይጠራል። ከሌለው መልሱ የታወቀ ነው፦ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ።

ለብዙ ከተሜ ይህ የድህነት ምርጫ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ደብረ ኤልያስ ራሷ የእንግዳ ሀገር ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዷ ነች። የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል፤ መንደሩም «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይቀበለዋል። ማደሪያ በገንዘብ የሚገኝ ነገር መሆኑን ባላገሩ የተማረው ከተማ ሲገባ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንግዳ የሚጠጋው ወደ ጌታው ነበር። መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ይሰፍራሉ፣ ተከታያቸውም በዙሪያቸው ያርፋል። ራስ ብሩ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ገበያው አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣይቱ ሆቴልም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ከተማዋን በቆዳ ቀለም የሚከፍል እቅድ አወጣ። መሀሉ ለነጮች ተመደበ። ኢትዮጵያውያን ከነገበያቸው ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ወደተባለው ቦታ እንዲሄዱ ተደረገ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው።

እቅድ አውጪዎቹ ያላሰቡት ግን ተከተለ። ጠላት ከወጣ በኋላ ገበያው እዚያው ቀረ። አውቶቡሱም ገበያው ዘንድ መጣ። አውቶቡስ ባለበት መንገደኛ አለ፤ መንገደኛ ባለበት ደግሞ አልጋ ቤትና ምግብ ቤት ይከፈታል። ከመሀል እንዲርቅ የተገፋው ሕዝብ የተገፋበትን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ የንግድ መሀል አደረገው። የጎጃም በረንዳ ስምም ማን ያርፍበት እንደነበር ይናገራል።

ባላገሩ እዚያ የሚያርፈው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ሲነሳ ማደሪያው ቅርብ መሆን አለበት። ባለአልጋዋ የአገሩን ሰው ታውቃለች። ለቤተሰብ የሚላክ መልእክትም ሆነ ዕቃ በዚያው ይሄዳል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ የተሰጠው በሽተኛ «ተመለስና ከሳምንት በኋላ ና» ቢባል፣ ሳምንቱን የሚገፋው በዚህ ዓይነት አልጋ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ከበደ። በአማራ ክልል ጦርነት የተነሳ መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ የሁለት ቀን ጉዞ የሳምንታት ይሆናል። ያኔ ባለኮከብ ሆቴል ለገበሬ ምኑም አይደለም። የሚያስፈልገው «መንገዱ ሲከፈት ትልክልኛለህ» ብሎ በዱቤ የሚያሳድር ሰው ነው።

የእነዚህን አልጋ ቤቶች ጉድ መሸፈን አይገባም። ትኋኑ፣ ጫጫታው፣ የኪስ ሌባው አለ። እሳትም አለ፤ መርካቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ ምን እንደደረሰበት ሁሉም አይቷል። ሰፈሩ መሻሻል አለበት።

ነገር ግን ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የታየው ፍጥነት ጥያቄ ያስነሳል። አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው ይቆጠራል፣ ነጋዴው ይቆጠራል፤ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄደውን ባላገር የሚቆጥር የለም። ስሙ በየትኛውም የቀበሌ መዝገብ የለም፣ በስብሰባም አይጠራም። የመርካቶ ዙሪያ ተራው ሲደርስ «የክፍለ ሀገር ሰው የት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ከካርታው ፊት ካልቀረበ፣ መልሱ አስፋልት ዳር ይሆናል።

ዳርና መሀል እንደ ቆሙበት ቦታ ነው። ለደብረ ኤልያሱ ሰው የአዲስ አበባ መሀል አውቶቡሱ የሚቆምበት ነው።