ባቾይ፥ የላፓዝ ገበያ ሾርባ

የአሳማ ሥጋ በማይገባበት ቤት ያደገች ሰው ስለ አሳማ ሾርባ ታሪክ ልጻፍ ብላ ስትነሣ «አንቺን ምን አገባሽ?» ቢላት አንባቢ አይፈረድበትም። ያገባኝ ዱባይ ነው። ሴቶች ብቻ ሆነን በተከራየነው ቤት ከፊሊፒንስ የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጠን ጓደኛ ነበረችን። «ማናንግ» እንላት ነበር፤ በአገሯ አፍ «እትዬ» እንደ ማለት ነው። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ከሱፐርማርኬቱ፣ ሙስሊም ላልሆኑ ተብሎ ከተለየው ክፍል፣ አጥንትና ጉበት ገዝታ ትመጣና ማድቤቱን ትይዛለች። እኔ ድስቴን ሣጥኔ ውስጥ እቆልፋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ እሷ ግን ቅር ብሏት አላየሁም።

ሾርባው ባቾይ ይባላል። አገሩ በፓናይ ደሴት ያለችው የኢሎኢሎ ከተማ፣ ሰፈሩም ላፓዝ ነው። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። «ባ» በሆክየን ቻይንኛ ሥጋ ነው። ከፉጂያን የባሕር ዳርቻ የሚነሡ ነጋዴዎች ስፓኞች ሳይደርሱ ከደሴቶቹ ጋር ይገበያዩ ነበር፤ ኑድሉም ከእነሱ የመጣ ነው። ስፓኞች በ1565 ሰፍረው እስከ 1898 ገዙ። ላፓዝ በቋንቋቸው «ሰላም» ማለት ነው፤ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ጥብስ የአሳማ ቆዳ፣ ቺቻሮን፣ ስሙ ከእነሱ ነው። በ1855 የኢሎኢሎ ወደብ ለውጭ ንግድ ተከፈተና ስኳር በመርከብ ይጫን ጀመር። ተሸካሚና ገበያተኛ በበዛበት ከተማ ከሆድ ዕቃ የተሠራ ርካሽና ትኩስ ሾርባ ፈላጊ ማግኘቱ፣ በእኔ ግምት፣ አያስገርምም። ዱለትን የፈጠረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ማን ጀመረው ሲባል ግን ጭቅጭቅ አለ። ፌዴሪኮ ጊየርጋን በ1938 በላፓዝ ገበያ ጀመረው የሚሉ አሉ። ቴዎዶሪኮ ሌፑራ ደግሞ በ1945 ሱቁን ከፍቶ ስሙን አስጠርቷል። ማናንግ የሌፑራ ወገን ናት፤ ምክንያቷም ልጅ ሳለች እናቷ እዚያ ትወስዳት ስለነበር ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

አሠራሩን ቆሜ ነው ያየሁት። አጥንቱ በለስላሳ እሳት ለሰዓታት ይንተከተካል፤ አረፋው እየተገፈፈ መረቁ ይጠራል። ከተፈላ ትናንሽ ሽሪምፕ የሚሠራው ጊናሞስ ጥቂት ይገባበታል፤ ሽታው ቤቱን ሁሉ ያስነሣል፣ ያለ እሱ ግን መረቁ ባዶ ነው። ጉበት፣ ኩላሊትና ልብ ተቀቅለው በስሱ ይከተፋሉ። ነጭ ሽንኩርት እስኪቀላ ይጠበሳል። ሚኪ የሚባለው ቢጫ ኑድል ለአፍታ የፈላ ውኃ አይቶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይተኛል፤ ሆድ ዕቃው፣ የተፈጨው ቺቻሮን፣ ቅልጥሙና ቅጠሉ ሽንኩርት ይደረብበታል፤ በመጨረሻ የሚፋጅ መረቅ ይቸለስበታል።

በ2019 የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ፊሊፒንስ ገባ፤ በ2022 ኢሎኢሎ አውራጃ ደረሰ። ሰውን አይዝም፤ አሳማውን ግን ይጨርሳል፣ የተረፈውም እንዳያዛምት ይታረዳል። የማናንግ ቤተሰቦች ጓሮ የነበሩት አሳማዎች የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነበሩ። በዚያ ዓመት ወደ አገሯ የምትልከው ገንዘብ ጨመረ፤ የዕረፍት ቀኗንም ለተከፋይ ሥራ ሸጠችው፤ ባቾይም ቀረ። በ2023 ጥቅምት ማለቂያ ዩኔስኮ ኢሎኢሎን «የምግብ ጥበብ ከተማ» ብሎ መረጣት፤ ከፊሊፒንስ የመጀመሪያዋ ናት። ዜናውን ስልኳ ላይ አሳየችኝና «ሾርባችን ተሸለመ፤ አሳማው ሞተ» ብላ ሣቀች። ሣቋ ቶሎ አለቀ።

በማግሥቱ የቆለፍኩትን ድስት አወጣሁ። የበሬ ቅልጥም፣ ጉበትና ልብ ገዝቼ፣ ጊናሞሱን ከእሷ ቆርቆሮ ቀድቼ፣ እንዳየሁት ሠራሁ። ከሥራ ደክሟት ስትገባ አቀረብኩላት። ቀመሰች፤ አሰበች፤ ደግማ ቀመሰች።

«ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ባቾይ ግን አይደለም።»

ቀጥላም ሳህኗን ዘረጋችልኝ። መረቅ ጨመርኩላት።