«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ

እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው ይጎርፋል። አደጋው ያለፈ የሚመስለን ያኔ ነው። የደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን፣ አራሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ስጋቱም እስከ ስድስት ሳምንት ይዘልቃል።

ለማን ያሰጋል?

በእርግዝናዋ ግፊት ለነበረባት፣ የመጀመሪያ ልጇን ወይም መንታ ለወለደች፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት ስጋቱ ይበዛል። ይሁንና ግፊቷ ደህና የነበረች ሴትም ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ሁሉም አራስ መለካት አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ዳግም እንድትታይ ይመክራል።

ምን ይደረግ?

140/90 ከፍተኛ ግፊት ነው፤ 160/110 ሲደርስ ድንገተኛ አደጋ ነው። ኒፈዲፒን ወይም ሃይድራላዚን ግፊቱን ያወርዳሉ። ማግኒዚየም ሰልፌት ደግሞ ኤክላምፕሲያ የተባለውን ማንቀጥቀጥ ይከላከላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺሕ በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። አራሷ ከተንቀጠቀጠች በጎኗ አስተኝቶ መኪና መጥራት እንጂ ክብሪት መጫር አያድናትም። የታዘዘላትንም መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብላ በራሷ ማቆም የለባትም።

የሕጉ ሦስት ቀን

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናቲቱ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ግን ሦስት ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ፋብሪካ በበዛበት አቃቂ ቃሊቲ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የሚስቱ ግፊት በሚያይልበት ሰሞን ባል ወደ ፈረቃው ተመልሷል። በእኔ እምነት ፈቃዱ ቢያንስ ሳምንት ሊሆን ይገባል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ቤተሰቡ ከወሊዱ በፊት ይመካከር። ባል ሥራ ሲገባ ከአራሷ ጋር ማን ይውላል? በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ማን ይወስዳታል? ሌሊት ቢብስባት በየትኛው መኪና ክፍለ ከተማው ውስጥ ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ትደርሳለች? አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው የቆየ ልማዳችን እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አጠገቧ ያለው ሰው ምልክቶቹን ካወቀ ሕይወቷን ያተርፋል።