አንድ ቁጥር፣ ብዙ ወንዝ

ደብዳቤ ከላኪው እጅ ከወጣ በኋላ መሪው አድራሻው ነው። አድራሻም ተቀባዩ የሚገኝበትን ሥፍራ ከማመልከቱ ሌላ፣ ያን ሥፍራ የሰየመው ማን እንደሆነ ይናገራል። በብራዚል ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በአማዞን ደን ውስጥ የሚገኘው የሳን ጋብሪኤል ዳ ካሾይራ ወረዳ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረዳው ከኮሎምቢያና ከቬኔዙዌላ ጋር ይዋሰናል። ስፋቱ 109,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ ያክላል፤ ብራዚልን በቅኝ ከገዛችው ከፖርቱጋልም ይበልጣል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ ግን ነዋሪው ከ52,000 አልደረሰም። ከግዛቱ ርዕሰ ከተማ ከማናውስ በአየር 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመኪና መንገድ ስለማያገናኛቸው ሰውም ዕቃም በሪዮ ኔግሮ ወንዝ በጀልባ፣ አለዚያም በአውሮፕላን ይጓዛል።

በዚህ አገር የሥፍራ ሁሉ መነሻ ወንዝ ነው። የቱካኖና የዘመዶቹ ሕዝቦች አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ የመጀመሪያዎቹ አባቶች በዘንዶ አምሳል በተሠራ ታንኳ ወንዙን ሽቅብ ሲወጡ በየፏፏቴውና በየድንጋዩ ቆመዋል፤ የቆሙበትም ሥፍራ ሁሉ ስም አግኝቷል። ስለሆነም የወንዙን ስሞች በተራ መጥራት የትውልድን ታሪክ መቁጠር ነው። ብዙ ቤተሰብ በአንድነት የሚኖርበት ትልቅ ቤትም ከወንዙ ዳር ይቆም ስለነበር፣ የአንድን ሰው ቤት ለማግኘት ወንዙንና ፏፏቴውን ማወቅ ይበቃ ነበር።

ፖርቱጋሎች በ1760ዎቹ በፏፏቴው አጠገብ ምሽግ ሠርተው የቅዱስ ገብርኤልን ስም ሰጡት። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ የሳሌዢያን ሚሲዮናውያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዳይናገሩ ከለከሉ፤ ትልልቆቹ ቤቶችም እንዲፈርሱ አደረጉ። ነባሩ አድራሻ ከነቤቱ የፈረሰው ያን ጊዜ ነው።

የብራዚል ፖስታ ቤት የመለያ ቁጥርን በ1971 ሲጀምር ቁጥሩ አምስት አኃዝ ነበረው፤ በ1992 ወደ ስምንት ከፍ አለ። ለሳን ጋብሪኤል የተሰጠው 69750-000 ነው። የመጀመሪያው 6 በምሥራቅ ከአትላንቲክ ጠረፍ ካለው ከሴያራ አንሥቶ በምዕራብ እስከ አክሬ የሚደርሰውን ሰፊ ክፍል ያመለክታል፤ ተከታዮቹ አኃዞች ክፍሉን እያጠበቡ ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዜሮዎች ደግሞ ሥፍራው በየመንገዱ ተከፍሎ ቁጥር እንዳልተሰጠው ይናገራሉ።

ለደብዳቤ ለዪው ይህ በቂ ነው፤ ከረጢቱ በትክክለኛው ጀልባ ይጫናል። በኢትዮጵያም የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚያመለክተው ሣጥኑን እንጂ የባለቤቱን ቤት አይደለም። ልዩነቱ ርቀቱ ነው፤ በዋውፔስና በኢሳና ወንዞች ላይ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ለጡረታ አበልና ለመታወቂያ ወረቀት ሲሉ ቀናት በታንኳ ተጉዘው ወደ ከተማው ይወርዳሉ። ቁጥሩ የሚያደርሰው እስከ ከተማው ነው፤ የቀረውን መንገድ የሚሸፍነው ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

ይሁን እንጂ የስሞቹ ታሪክ በዚህ አላበቃም። የአገሩ ተወላጆች በ1987 የሪዮ ኔግሮ ሕዝቦች ድርጅቶችን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። በ2002 የወረዳው ምክር ቤት ኜንጋቱን፣ ቱካኖንና ባኒዋን ከፖርቱጋልኛ ጎን የሥራ ቋንቋ አደረጋቸው። በ2006 ደግሞ በጃጓር አውሬ ስም የሚጠራው የያዋሬቴ ፏፏቴ የተቀደሰ ሥፍራ ተብሎ በብራዚል ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ገባ።

እንግዲህ የመለያ ቁጥር ለሥራ ቅልጥፍና የተበጀ መሣሪያ ነው፤ ጥቅሙም አያጠራጥርም። ጥፋት የሚመጣው ቁጥር ያልተሰጠው ሥፍራ ሰውም ስምም እንደሌለው ሲቆጠር ነው። በሦስቱ ዜሮዎች ሥር ስም ያላቸው ወንዞች፣ በወንዞቹም ዳር ደብዳቤ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።